የጋሽ ኃይሉ ጠፍር

የጋሽ ኃይሉ ሙት ዓመት ሜሪላንድ አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ከልጃቸው ከሜሮን ጋር ይኖሩበት በነበረው አፓርትመንት ዋለ። ጸሎቱ ደርሶ፣ እንግዳው በልቶና ጠጥቶ ወደየመኪናው ሲበተን እኔ ሳህን ለማነሳሳት ቀረሁ። ሜሮን እጄን ይዛ ወደ አባቷ ክፍል ወሰደችኝና ጠረጴዛው ላይ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር አስነሳችው። ማራገቢያው እየተንገጫገጨ መዞር ጀመረ፣ ዓመት ሙሉ የተኛበትን አቧራም አሞቀው። ያ ሽታ! የሞቀ አቧራና የሞቀ ፕላስቲክ። ሌላ ሰው ቢሸተው መስኮት ይከፍታል፤ እኔ ግን እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቀኑን ሙሉ ቄሱ ሲጸልዩ ያልመጣ እንባ በኮምፒውተር ሽታ መምጣቱ ራሴንም አሳቀኝ።

«እትዬ ጽጌ፣ ይሄ የዳዲ ጌም በየወሩ ከእኔ ካርድ ይቆርጣል» አለችኝ ሜሮን። ነርስ ናት፤ ከሰው ጋር ስትነጋገር ሁልጊዜ ታማሚ እንዳታስደነግጥ ቀስ ትላለች። «ካንስል ላድርገው? ካንስል ካደረግኩት ግን ካራክተሩ፣ ዕቃው፣ ኤቭሪቲንግ ይጠፋል ይላል።»

«ጋሽ ውብሸትን ጠየቅሻቸው?»

«ጠየቅኳቸው። ‹እንደፈለግሽ› አሉኝ። እዚህ ሩም እንኳን አልገባም አሉ።»

ጋሽ ውብሸት ሳሎን ሶፋው ላይ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። የሟች ጓደኛ ናቸው፤ እኔን፣ በእኔም በኩል ሟችን፣ ወደዚህ ጨዋታ ያስገባን የእሳቸው ሱቅ ነው። ጋሽ ኃይሉ ካረፉ ጀምሮ ጨዋታውን ከፍተውት አያውቁም። ሰው ቤት መምጣትም ቀንሰዋል፤ ደውዬ ስጠይቃቸው «ደህና ነኝ» ብለው ስልኩን ለመዝጋት ይቸኩላሉ። ሜሮን ያንን ቁልፍ ብትጫነው በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል የቀረችውን የመጨረሻ ክር እንደምትበጥስ ታየኝ። «እስቲ ትንሽ ቆይ» አልኳት። ግን ለምን እንደምትቆይ ለማስረዳት ወደ ኋላ ብዙ መሄድ ነበረብኝ።

እዚህ ስመጣ እኔ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ልብስ አጠባ ክፍል እሠራ ነበር። ሙሉ ቀን የሰው አንሶላ ሳጥፍ ውዬ ቤቴ ስገባ እጄ ባዶውን አየር ያጥፍ ነበር። ያኔ የስልክ ካርድ በአምስት ዶላር ይገዛል፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው ደቂቃና የሚሰጠው ደቂቃ ግን ተገናኝተው አያውቁም። «ሃሎ፣ ይሰማችኋል?» ብለን ሳንጨርስ ያልቃል። እነዚያን ካርዶች የምንገዛው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአንድ ጸጉር ቤት ሥር፣ ደረጃ ወርደን ከጋሽ ውብሸት ሱቅ ነበር። ካርድ ይሸጣሉ፣ ካሴት ወደ ሲዲ ይገለብጣሉ፣ ኮምፒውተር ይጠግናሉ። አብዮቱ አገር ጥለው እንዲወጡ ሲያደርጋቸው የምህንድስና ተማሪ ነበሩና፣ ከመሬት በታች ባለው በዚያ ሱቅ ውስጥም ቢሆን ከሰደርያና ከክራባት ወርደው አያውቁም። ጠመንጃ የሚያህል መፍቻ ይዘው፣ ክራባታቸውን ዕቃ ውስጥ እንዳይገባ ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲሠሩ ዓይኔ ላይ አሉ። ባሌ ተፈራ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ከእሳቸው ገዛና ውስጡ አንድ ጨዋታ ተጭኖ አገኘ። እሱ ሳምንት ተጫውቶ ሰለቸው። እኔ ቀረሁ።

ጨዋታው በዓለም ዙሪያ ያለ ሰው በኢንተርኔት የሚገናኝበት አንድ ሰፊ የተረት አገር ነበር። ተራራ አለው፣ ገበያ አለው፣ ዘንዶ አለው። ሰው ሁሉ የራሱን ሰውዬ ፈጥሮ ይገባና ይዋጋል። እኔ መዋጋቱን አልወደድኩትም፤ የያዘኝ የእጅ ሙያው ነው። አንድ ተጫዋች አንድ ሙያ ብቻ ይማራል፣ ሕጉ እንዲህ ነበር። ብረት ሠሪ ከሆንክ ጥሩሩን፣ ያን የብረት የጦር ልብስ፣ ትቀጠቅጣለህ፤ ነገር ግን ዝርግ ብረቶቹን የሚያያይዘው የቆዳ ጠፍር ከቆዳ አልፊው ይመጣል፣ ከውስጥ ገላ እንዳይልጥ የሚደረገው ገበር ደግሞ ከልብስ ሰፊው። ብቻውን ምንም መጨረስ የሚችል ሰው አልነበረም። ዘንዶ ገዳይ ነኝ የሚለው ጎረምሳ ሁሉ መጥቶ እኔን ገበር ይለምናል። አንሶላ አጣፊዋን! ያኔ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር አትጠይቁኝ።

ጋሽ ውብሸት ብረት ሠሪ ነበሩ፤ ስማቸውም ጨዋታው ውስጥ «ጉግስ» ነው። ልብስ ሰፊነትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጋሽ ኃይሉን ደግሞ ወደ ጨዋታው ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ሆቴላችን በር ላይ ታክሲያቸውን አቁመው ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ክረምት ከበጋ ያቺን ቡናማ የቆዳ ጃኬት ለብሰው፣ ከአንድ አሮጌ ካሴት ላይ አንዲት ዘፈን እየመለሱ፣ ማሲንቆው የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ድምፁን ከፍ እያደረጉ። «ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ጉልበቴ ታሰረ፣ አንቺ የምትዪው አገር ውስጥ መሮጥ ይቻላል?» ብለው ጠየቁኝ። ይቻላል አልኳቸው። ስማቸውን «ዳማ» ብለው ገቡና ሜዳ ለሜዳ ድኩላ እያሳደዱ ቆዳ አልፊ ሆኑ። አንድ ቀን ሳቅ እያፈናቸው «አባቴ ይህን ሳያይ መሞቱ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠው ቡዳ ነው ተብሎ የሚፈራ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ተብሎ የሚናቅ፣ ሸማኔው ከሰው መሃል የማይቀመጥ ነበር። እነዚህ የደህና ቤት ልጆች የተማሩትን ተምረው፣ የተሰደዱትን ተሰደው፣ በመጨረሻ አያቶቻቸው ማዕድ ያላስቀረቧቸውን ሰዎች ሙያ ፈቅደው ያዙ። ያዙ ብቻ አይደለም፣ በሙያቸው የሚመጣባቸውን ሰው አይምሩም ነበር። ጋሽ ኃይሉ ጠፍራቸው ልል ነው ያላቸውን አንድ ልጅ ለወር ያህል አላናገሩትም።

ችግራችን መገበያየቱ ላይ ነበር። ሁለት ሰው ዕቃ ሲለዋወጥ አንዲት መስኮት ትከፈታለች፤ አንተ የምትሰጠውን በዚህ በኩል ታስቀምጣለህ፣ እኔ በዚያ በኩል፣ ከዚያ ሁለታችንም «ተቀብያለሁ» የምትለዋን እንጫናለን። አንዱ «አልቀበልም» ካለ መስኮቷ ትዘጋለች። ለፈረንጆቹ ቀላል ነው። እኛ ግን መጀመሪያ በቀረበ ነገር ላይ እጁን የሚዘረጋ ልጅ ተቆንጥጦ ያደገበት አገር ሰዎች ነን። አንዱ ጠፍር ያስቀምጣል፣ ሌላው ለምስጋና ወርቅ ያስቀምጣል፣ የመጀመሪያው «ኧረ ምን በወጣህ!» ብሎ ይዘጋዋል። እንደገና ይከፈታል፣ ይሄኛው በተራው «በነፃማ አልወስድም» ብሎ ይዘጋዋል። ጨዋታው ውስጥ በቡድን የመሠረትነው የማኅበራችን ፈረንጅ አባላት የኮምፒውተር ብልሽት መስሏቸው ነበር። ማኅበሩን «ደቦ» ብለን የሰየምነው እኛው ነን፤ ምን ማለት እንደሆነ ስንነግራቸው ወደዱት።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጋሽ ውብሸትና ጋሽ ኃይሉ ተኳርፈው ነበር። ተማሪ ሳሉ ተሰደው መጥተው አንድ ክፍል ውስጥ አብረው አድረዋል፣ አንድ ካፖርት በተራ ለብሰዋል ይባላል። ከዚያ ያ የአገሩ ፖለቲካ ገባ፣ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ ወገን ሆነ፣ ተዘላለፉ፣ ተለያዩ። ዝርዝሩን ሰው በየበኩሉ ያወራዋል፤ እኔ ግን የሁለቱንም ሰምቼ አልገባኝም። የገባኝ ሠርግ የሚደግስ ሰው ሁሉ ሁለቱን በአዳራሹ ሁለት ጫፍ ማስቀመጥ እንዳለበት ነው። ጋሽ ውብሸት ባለቤታቸውን ሲቀብሩ ጋሽ ኃይሉ ታክሲያቸውን ከመቃብሩ ማዶ አቁመው እዚያው ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አልወረዱም። ሄጄ መስኮቱን ላንኳኳ አሰብኩና እኔም ፈራሁ።

ጨዋታው ውስጥ ግን ጉግስና ዳማ አንዱ የሌላውን ማንነት አያውቅም። ብረት ሠሪው ጠፍር ሲፈልግ ከዳማ ተቀብዬ አደርስለታለሁ፤ ዳማ ቢላዋ ሲፈልግ ከጉግስ። በላቲን ፊደል አማርኛ እየጻፉ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ» እየተባባሉ፣ እርስ በርሳቸው አንቱ ተባብለው ወራት አለፉ። ጋሽ ውብሸት «ያ ቆዳ አልፊሽ ጨዋ ሰው ነው፤ ስፌቱ ራሱ ይናገራል» ይሉኛል ሱቃቸው ስሄድ። ጋሽ ኃይሉ ደግሞ ከታክሲው መስኮት ብቅ ብለው «ብረት ሠሪው የት አካባቢ ነው የሚኖረው? አንድ ቀን ቢራ እጋብዘው ነበር» ይሉኛል። «ሜሪላንድ ነው» እላለሁ። ውሸት አይደለም። ስማቸውን ብነግራቸው በዚያው እንደሚያልቅ አውቅ ነበር። ሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሚስቱ ሞታ፣ አንዱ ሚስቱ ትታው ሄዳ። ሜሮን ያኔ ከእናቷ ጋር ሎረል የምትባል ከተማ ነበረች። ቀኑ አልቆ ቤት ሲገቡ የሚጠብቃቸው ያ ስክሪን ነበር።

ከዚያ የትልቁ ጥሩር ነገር መጣ። ማኅበሩ ለአንድ ከባድ ጦርነት የአለቃውን ጥሩር ፈለገ። ይህ እንደሌላው በአማላጅ አይሠራም፤ ብረት ሠሪው፣ ቆዳ አልፊውና ልብስ ሰፊዋ አንድ ምድጃ ዙሪያ በአንድ ሰዓት መቆም፣ ጠፍሩም ከሠሪው እጅ በቀጥታ መሻገር አለበት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀጠሮ ተያዘ። እጅ በሥራ ስለሚያዝ በጽሑፍ አይሆንም ተባለ፤ ሁላችንም የጆሮ ማዳመጫና ማይክ ገዛን። እኔ ስማቸውን ሳልነግራቸው ተቀመጥኩ።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ ጋሽ ውብሸት፣ በዚያ በሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፃቸው።

ከዚያ የጋሽ ኃይሉ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፣ «ጽጌ፣ ማነው ይሄ?» አለ። እኔ ሳልመልስ ዳማ ከምድጃው አጠገብ ጠፋ። ጉግስም ወዲያው ጠፋ። ፈረንጆቹ ኢንተርኔት የተቋረጠ መስሏቸው ጠበቁ፤ ብዙ ጠበቁ።

በማግስቱ ሁለቱም ደወሉልኝ። ሁለቱም ተቆጡ። ሁለቱም፣ ተነጋግረው ይመስል፣ «እሱ ካለበት እኔ የለሁም» አሉ። በአገራችን ወግ የተጣሉ ሽማግሌዎችን ሽማግሌ ነው የሚያስታርቀው፤ እኔ በዕድሜ ልጃቸው ነበርኩ፣ ደግሞ ሴት። ማን ይሰማኛል? የነበረኝ አንድ ነገር ገበር ነው። በጨዋታው ውስጥ እንደኔ ገበር የሚሰፋ ደግሞ፣ ጉራ አይሁንብኝና፣ በዚያ ሰፈር አልነበረም። ለሁለቱም ደውዬ ነገርኳቸው።

«ገበር የለም።»

«እንዴት ማለትሽ ነው?» አሉ ጋሽ ውብሸት።

«ለእርስዎም ለእሳቸውም የለም። ለማኅበሩም የለም። ሁለታችሁም ምድጃው ጋ እስክትቆሙ መርፌ አልይዝም።»

«ልጄ፣ ይሄ ድፍረት ነው።»

«አዎ ነው» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ከዘጋሁ በኋላ ነው ጋሽ ውብሸትን ስልክ ዘግቼባቸው እንደማላውቅ የታወሰኝ።

ማኅበሩ መነጫነጭ ጀመረ፤ ሥራው ሁሉ በኛ ምክንያት ቆመ። ሁለቱም ቀርተው ቢሆን ኖሮ እስከዛሬ ገበር አልሰፋም ነበር፣ እልኸኛ ነኝ። ግን አንድ እሑድ መጡ። ምድጃውን መሃል አድርገው፣ ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ቆሙ። የኮምፒውተር ሰውዬ እንኳን እንዲያኮርፍ ማድረግ እንደሚቻል ያኔ አየሁ።

«ጽጌ፣ ሰውየውን መስኮቱን ክፈት በዪው» አሉ ጋሽ ውብሸት።

«ጽጌ፣ ከፍቻለሁ በዪው።»

ጋሽ ኃይሉ ጠፍሩን አስቀመጡ። ጋሽ ውብሸት ወርቅ አስቀመጡ። «የሱን ነገር በነፃ አልነካም በዪው።» ጋሽ ኃይሉ ዘጉት። «ከሱ ወርቅ አልቀበልም በዪው።» ተከፈተ፣ ተዘጋ። እንደገና ተከፈተ፣ ተዘጋ። ምድጃው ሊቀዘቅዝ ነው፤ ከቀዘቀዘ ብረቱ ሁሉ ይበላሻል። እኔ መሃል ቆሜ ሁለቱንም በስማቸው እየጠራሁ እለምናለሁ። በመጨረሻ ጋሽ ኃይሉ፣ ሬስቶራንት ውስጥ ሂሳብ ሲነጠቁ እንደሚያደርጉት፣ አፋቸው ላይ እንደመጣ ጮኹ፤

«ኧረ በሞቴ፣ ዝም ብለህ ውሰደው!»

ጋሽ ውብሸትም ሳያስቡት፣ አንድ ሰው በሞቴ ሲላቸው ዕድሜ ልካቸውን እንደሚመልሱት፣ «ጠላትህ ይሙት» አሉ።

የጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የሁለቱም ትንፋሽ ይሰማኛል።

«ጠላቴማ አንተ አይደለህ እንዴ?» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

የመጀመሪያው ሳቅ የማን እንደነበር አላውቅም። እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳል የተቀላቀለበት፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው የሚቀጥለው። «ተቀብያለሁ» የምትለዋን ጋሽ ውብሸት ሲጫኑ እኔ ገበሩን ረስቼው ነበር። ጥሩሩ ተሠራ፣ ፈረንጆቹ ጮኹ፣ እነሱ ግን አልሰሙም። ጋሽ ኃይሉ «የዚያን ቀን ከመቃብሩ ማዶ ነበርኩ» ሲሉ ሰማኋቸው። ጋሽ ውብሸትም «ታክሲህን አይቻታለሁ» አሉ። ማዳመጫዬን አውልቄ ተነሳሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ያቺ ታክሲ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየች። ፖለቲካውን መከራከር አላቆሙም፤ እንዲያውም ባሰባቸው። ዕቃ በተለዋወጡ ቁጥር ግን ያቺ ነገር አትቀርም። ጋሽ ኃይሉ «በሞቴ» ይላሉ፣ ጋሽ ውብሸት «ጠላትህ ይሙት» ይላሉ፣ ጋሽ ኃይሉ «ተው፣ አንተ ብትሞት ከማን ጋር እጣላለሁ» ይላሉ።

የጨዋታው ባለቤቶች በኋላ ሕጉን ለወጡት። አንድ ሰው ሁሉንም ሙያ መማር ይችላል ተባለ፤ ጠፍሩም ገበሩም ከማይታወቅ ሰው በአንድ ጠቅታ ይገዛል። ወጣቶቹ ተገላገልን አሉ። ሰው ሰውን መለመን ቀረና ደቦ ቀስ በቀስ ሰው አለቀበት። ቅር ብሎኝ ነበር፣ ዛሬም ቅር ይለኛል። ያኔ ከአፓርትመንት አፓርትመንት ለመቀየር ፒክአፕ ያለው ሰው መፈለግ፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት አንድ መኪና ያለው መለመን፣ ሥራ ለመግባት አንድ የሆቴል ሰው ማወቅ ነበረብን። አሁን ሁሉንም ስልኬ ያመጣልኛል፤ የሚያመጣውን ሰው ፊት ግን አላየውም፣ በር ላይ ጥሎ ይሄዳል። ተመችቶኛል፣ አልዋሽም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ከገበያው ገዝተው አያውቁም። የጋሽ ውብሸት ጥሩር ጠፍሩ ሲያረጅ ጋሽ ኃይሉ ድኩላ ሊያሳድዱ ይወጡ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሜሮን ነገርኳት። እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ከዚያ ሳሎን ሄጄ ጋሽ ውብሸት አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ለምን ተዉት?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በክራባታቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሃያ ዓመት ግድም ‹ጠላትህ ይሙት› ስለው ኖርኩ» አሉ። «ጠላቱ ተቀምጬ እሱ ሞተ።»

ሜሮን ላፕቶፗን አምጥታ ጉልበታቸው ላይ አደረገችላቸው። ድሮ ሌሊቱን ሙሉ የሚወርደው ጨዋታ እኔ ሻይ እስክቀዳ ተጫነ። «ጋሼ፣ ጀስት ዋንስ» አለቻቸውና ወደ አባቷ ክፍል ሄደች። እሳቸውም ብዙ ካቅማሙ በኋላ ገቡ። ጉግስ እዚያው ምድጃ አጠገብ ቆሟል፣ ትከሻው ላይ ጠፍሩ አርጅቶ። ደቦ ባዶ ነው። ከዚያ ከአባላቱ ስሞች መካከል አንዱ በራ፤ ዳማ። ጋሽ ውብሸት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ቆምኩ፤ እንደ ድሮው።

መስኮቷ ተከፈተች። አባቷ ሣጥናቸው ውስጥ ከተዉት ጠፍር ሜሮን አስቀመጠች። ጋሽ ውብሸት ወርቅ አስቀመጡ። እሷም እዚህ አገር እንደተወለደ ሰው ወዲያው «ተቀብያለሁ»ን ተጫነች።

«አይደለም!» አሉ ጋሽ ውብሸት ከሳሎን፣ ድምፃቸው ተመልሶ። «እንዲህ አይደለም የሚደረገው። ወርቁን እንቢ ማለት አለብሽ። ዝጊው!»

«ለምን? ጠፍሩን አትፈልጉትም እንዴ?»

«እፈልገዋለሁ። ዝጊው።»

ዘጋችው። እሳቸውም ከፈቱት፤ ወርቁን አስቀመጡ፣ እሷ ጠፍሩን። አሁንም ዘጋችው። ደግመው ከፈቱት፣ ዘጋችው። የሜሮን ሳቅ ከክፍሉ ይሰማኛል፣ ልክ እንደ አባቷ ሳል ያለበት። እንደገና ከፈቱት፤ ሳቋ ቆመ። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ማንም በዪ ሳይላት፣

«ጋሼ» አለች፣ «በሞቴ። ውሰዱት።»

ጋሽ ውብሸት መልሱን ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ። አላሉትም። ወርቁን አነሱትና ባዶ እጃቸውን ጠፍሩን ተቀበሉ።

«ኑሪልኝ» አሉ።